ልሂድ ወይስ ልቅር?



እዚህ ልደታ ከአምልኮ በኋላ ከወጣቶች ጋር ስንቀመጥ ደጋግመን የምንሰማው ጥያቄ አለ፤ “ፓስተር፣ ልሂድ ወይስ ልቅር?” የውጭ አገር ዕድል ተገኝቷል፤ ያረጁ ወላጆች ግን ኮንዶሚኒየም ቤት ውስጥ የልጃቸውን እጅ ይጠብቃሉ። እኛም አንዳንዴ ቸኩለን “ጌታ በር ከፍቶልሃል” ብለናል። ይህ መልስ ግን በቂ አይደለም። ዮናስ ከእግዚአብሔር ፊት ሲሸሽ ኢዮጴ ላይ መርከብ አግኝቷል፤ የሚከፍለውም አላጣም። የተከፈተ በር ሁሉ የጌታ ጥሪ አይደለም።

የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ የነበሩትን ቄስ ጉዲና ቱምሳን እናስብ። በደርግ ዘመን ተደጋግመው ታሰሩ። የታንዛኒያው ፕሬዚዳንት ጁሊየስ ኔሬሬ ከአገር የሚወጡበትን መንገድ አመቻችተውላቸው ነበር። እርሳቸው ግን አልሄዱም። አገልጋዮቻቸውን “ከመንጋችሁ አትለዩ” እያሉ ሲመክሩ ኖረዋልና፣ መንጋውን በፈተና ሰዓት መተው አልሆነላቸውም። ክርስቶስ የሞተው በሕይወት ያሉት ለራሳቸው እንዳይኖሩ ነው የሚለውን ቃል (2ኛ ቆሮንቶስ 5፥15) ምክንያታቸው አደረጉ። ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ከቤተ ክርስቲያን ሲወጡ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። አስከሬናቸው የተገኘው ደርግ ከወደቀ በኋላ ነው።

ታዲያ መሄድ ኃጢአት ነው ማለታችን ነው? አይደለም። ዮሴፍ ሕፃኑን ይዞ ወደ ግብፅ ሸሽቷል፤ ጳውሎስም በቅርጫት ሆኖ ከደማስቆ ቅጥር ወርዷል። ልዩነቱ በመሄድና በመቅረት ላይ ሳይሆን “ለማን ነው የምኖረው?” በሚለው ላይ ነው። ቄስ ጉዲና ይህን የመለሱት የመውጫው መንገድ ከመምጣቱ ከብዙ ዓመት በፊት ነበር። እኛ ግን ብዙ ጊዜ ቪዛው ከተመታ በኋላ ነው ልባችንን የምንጠይቀው፤ ያኔ ደግሞ ልብ ምኞቱን ጸሎት አስመስሎ ያቀርባል።

ስለዚህ ወንድማችን፣ እህታችን፣ ከመወሰናችሁ በፊት በወረቀት ላይ ጻፉ፦ ዋጋ ቢያስከፍለኝም የማልተወው ምንድን ነው? የምሄደው ተልኬ ነው ወይስ ሸሽቼ? ብቀርስ፣ የምቀረው በፍቅር ነው ወይስ በፍርሃት? ከዚያም ወረቀቱን ይዛችሁ ተንበርከኩ፤ እውነቱን ለሚነግራችሁ አንድ የበሰለ አማኝም አሳዩት።

ጌታ ማስተዋልን ይስጠን። አሜን።