ታላቁ መምህር ለጀማሪው ተማሪ

በየዓመቱ አዲስ ተማሪዎች ወደ ዩኒቨርሲቲ በሚገቡበት ወቅት አንድ ጥያቄ ይነሣል፤ የመጀመሪያውን ዓመት ኬሚስትሪ ማን ያስተምር? መልሱ በብዙ ቦታ አስቀድሞ የታወቀ ነው። ኮርሱ የሚሰጠው በቅርቡ ለተቀጠረውና እምቢ ለማለት አቅም ለሌለው ወጣት መምህር ነው። አንጋፋዎቹ ፕሮፌሰሮች ለድኅረ ምረቃ ትምህርትና ለምርምር ይቆጠባሉ። እኛ ይህ ልማድ ስሕተት ነው እንላለን። ለምስክርነትም የአንድ አሜሪካዊ ኬሚስት ሕይወት እናቀርባለን።

ጆኤል ሂልደብራንድ እ.ኤ.አ. በ1881 በኒው ጀርዚ ግዛት በካምደን ከተማ ተወለዱ (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመታትም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1906 ከፔንሲልቫንያ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ዲግሪያቸውን ተቀብለው ወደ በርሊን ተሻገሩና በዋልተር ኔርንስት ዘንድ ጥቂት ጊዜ ቆዩ። ከዚያም በተማሩበት ዩኒቨርሲቲ ሲያስተምሩ ሳለ፣ በ1913 ጊልበርት ሉዊስ ወደ በርክሌይ ወደሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ጠሯቸው። በ1952 በሕግ ጡረታ ቢወጡም ከሥራቸው አልተለዩም። በ1983 ሲያርፉ ዕድሜያቸው 101 ዓመት ነበር።

ሉዊስ የአቶሞችን ትስስር በኤሌክትሮን ጥንዶች ያስረዱ ሊቅ መሆናቸውን ተማሪ ሁሉ ያውቃል። ብዙም የማይነገርላቸው ግን የትምህርት ክፍሉን ያደራጁበት መንገድ ነው። በእርሳቸው ዘመን የመጀመሪያ ዓመት ኬሚስትሪ የሁሉም መምህራን ኃላፊነት ነበር። ዋናውን ገለጻ ሂልደብራንድ በትልቁ አዳራሽ ይሰጣሉ፤ ተማሪዎቹ በየቡድኑ ተከፋፍለው ወደ ቤተ ሙከራና ወደ ውይይት ሲገቡ ደግሞ በምርምር ስማቸው የገነነ መምህራን ጭምር ይጠብቋቸዋል። ሂልደብራንድ በዚህ ዓይነት ያስተማሯቸው ጀማሪ ተማሪዎች ቁጥር ወደ 40,000 እንደሚደርስ ይገመታል።

የትምህርቱ ይዘትም ተለውጦ ነበር። በዚያ ዘመን የኬሚስትሪ መማሪያ መጻሕፍት አብዛኛውን ጊዜ የንጥረ ነገሮች መዝገብ ነበሩ፤ የእያንዳንዱ ቀለም፣ ሽታ፣ አሠራርና ጥቅም በተራ ይደረደራል፤ ተማሪውም በቃሉ ያጠናዋል። ሂልደብራንድ በ1918 ያሳተሙት «የኬሚስትሪ መርሆዎች» የተሰኘው መጽሐፍ ከዚህ ወጣ። ቅድሚያ የሚሰጠው ለምክንያቱ ነው። ዝርዝሩን ደግሞ ከባልደረባቸው ከዌንደል ላቲመር ጋር ሆነው በ1929 በተለየ የማመሳከሪያ መጽሐፍ አወጡት። ተማሪው ሲፈልግ ይመለከተዋል እንጂ አይሸመድደውም። በቃል ማጥናት ዛሬም የፈተናችን ምሰሶ ሆኖ ሲቀጥል ስናይ፣ ይህ እርምጃ ከአንድ ምዕተ ዓመት ገደማ በፊት መወሰዱ ያስገርመናል።

«ታዲያ ምርምራቸው አልተጎዳም ወይ?» የሚል ይኖራል። የክርክሩ ዋና ነጥብ ይህ ስለሆነ ረጋ ብለን እንመልከተው። ሂልደብራንድ ዕድሜ ልካቸውን የመረመሩት ማንኛውም ጀማሪ ተማሪ የሚጠይቀውን ጥያቄ ነው፤ አንዱ ነገር በሌላው ውስጥ የሚሟሟው፣ ሌላው ደግሞ የማይሟሟው ስለ ምንድን ነው? አዮዲን በአልኮል ሲሟሟ ቡናማ፣ በሄክሴን ሲሟሟ ሐምራዊ ይሆናል። ይህን የቀለም ልዩነት ማንም ያያል፤ ሂልደብራንድ ግን ስለ አሟሚውና ስለ ሟሚው ግንኙነት የሚናገረውን ለማወቅ ለብዙ ዓመታት ተከታተሉት። የአንድ ፈሳሽ ሞለኪውሎች እርስ በርስ የተያያዙበት ኃይል በይዘት ተካፍሎ የዳግም ዘሩ ሲወሰድ የሚገኘው ቁጥር ዛሬ በስማቸው ይጠራል። የሁለት ፈሳሾች ቁጥር ከተቀራረበ የመደባለቅ ዕድላቸው ሰፊ ነው። የቀለምና የፕላስቲክ ፋብሪካዎች አሟሚ ሲመርጡ በዚህ ይጠቀማሉ።

ይኸው ጥያቄ ወደ ባሕር ጥልቀትም ወስዷቸዋል። ጠላቂ ሠራተኛ በከፍተኛ ግፊት ሲተነፍስ ናይትሮጅን በደሙና በስቡ ውስጥ ይሟሟል፤ ቶሎ ወደ ላይ ከወጣ አረፋ ሆኖ ለሥቃይ፣ አንዳንዴም ለሞት ይዳርገዋል። ሂሊየም አነስተኛ የመሟሟት ባሕርይ ስላለው በናይትሮጅን ምትክ ቢገባ እንደሚሻል በ1920ዎቹ ካመለከቱት ሰዎች አንዱ ሂልደብራንድ ነበሩ። በ1939 ስኳለስ የተባለችው የአሜሪካ ሰርጓጅ መርከብ ስትሰጥም በማውጣቱ ሥራ የተሰማሩት ጠላቂዎች የሂሊየምና የኦክስጅን ድብልቅ ተንፍሰዋል።

በእርጅናቸውም ከክርክር አልራቁም። ዘይትና ውሃ አለመደባለቃቸውን ለማስረዳት የተለመደውን «ውሃ ፈሪ» የሚል አጠራር አጥብቀው ተቃውመዋል፤ በ1979፣ በ97 ዓመታቸው፣ በዚሁ ጉዳይ ጽሑፍ አሳትመዋል። የዘይትና የውሃ ሞለኪውሎች ይሳሳባሉ እንጂ አይገፋፉም፤ የውሃ ሞለኪውሎች እርስ በርስ የሚሳሳቡበት ኃይል ግን እጅግ ይበልጣል። ጥቂት ቤንዚን በውሃ ላይ ቢፈስ በስሱ የሚንሰራፋውም ውሃው ስለሚስበው ነው። አብዛኛው ሳይንቲስት በቃሉ መጠቀሙን ቀጥሏል፤ ስለ ክሥተቱ ማብራሪያ የተነሣው ክርክርም ሁሉ ለእርሳቸው አልተፈረደም። ሆኖም እኛ ቃሉን ወደ አማርኛ ስንመልስ «ፈሪ» ወይም «ጠል» ባልን ቁጥር ተማሪውን የሌለ ጥላቻ እንደምናስተምረው ልብ ልንል ይገባል።

የሰውዬው ሕይወት በሁሉም ረገድ አርአያ ነው ለማለት አንደፍርም። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ፈረንሳይ ዘምተው የአሜሪካ ሠራዊት መኮንኖችን ስለ መርዝ ጋዝ አስተምረዋል፤ ኬሚስትሪ በዚያ ጦርነት የፈጸመውን የሚያስታውስ ሰው ይህን በቀላሉ አያልፈውም። የበርክሌይ አሠራርም ገንዘብና በርካታ ረዳቶች የነበሩት ተቋም ሥራ መሆኑ አይካድም። ታላቅ ተመራማሪ ሁሉ ጥሩ መምህር እንደማይሆንም እናውቃለን።

ይሁን እንጂ የምንጠይቀው የበርክሌይን ሀብት አይደለም። ለመጪው ዓመት የኮርስ ድልድል ሲዘጋጅ፣ ከመጀመሪያው ዓመት የኬሚስትሪ ክፍሎች ቢያንስ አንዱ ለአንጋፋ ፕሮፌሰር ይሰጥ፤ በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ ከወጣት መምህራኑ ጋር ጀማሪዎቹ ቤተ ሙከራ ይግባ። ሂልደብራንድ የሙሙት ንድፈ ሐሳብን ታሪክ በ1981 ሲያሳትሙ መቶ ዓመት ሊሞላቸው ጥቂት ቀርቷቸው ነበር፤ የእኛ አንጋፋዎች ከዚያ ዕድሜ ገና ብዙ ይቀራቸዋል።