ቃሉ ሳይጻፍ ስለሚሠራ ቀልድ

ሲኒማ ወደ አገራችን በመጣ ጊዜ ሕዝቡ የሚታይበትን ቤት «የሰይጣን ቤት» ብሎት ነበር። በግድግዳ ላይ የሚሮጥ ጥላ አይቶ ለማያውቅ ሰው ይህን ማለቱ አይፈረድበትም። እኛ ግን ዛሬ ከሲኒማ ሠሪዎች አንዱን ለማመስገን ብዕራችንን አንሥተናል፤ እርሳቸውም ክሪስቶፈር ጌስት ይባላሉ።

የማዕርግን ነገር ለሚያውቁ አንባብያን ይህ ሰው ባዕድ አይሆኑባቸውም። በ1948 ዓመት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በኒው ዮርክ ተወለዱ። አባታቸው የእንግሊዝ ባሮን ነበሩና በ1996 ዓመት ሲያርፉ ልጃቸው አምስተኛው ባሮን ሄይደን ጌስት ተባሉ፤ በለንደንም በመኳንንት ምክር ቤት ተቀመጡ። ዳሩ ግን በ1999 ዓመት በውርስ የሚገኘውን ወንበር ከብዙዎቹ መኳንንት የሚያነሣ ሕግ ስለ ወጣ፥ እርሳቸውም ወንበሩን ለቀቁ። ቀልዱን ግን አለቀቁም።

ሥራቸው እንዲህ ነው። ከጓደኛቸው ከዩጂን ሌቪ ጋራ ሆነው የታሪኩን አካሄድ ብቻ ይጽፋሉ። እያንዳንዱ ሰው ከየት እንደ መጣ፥ በምን እንደሚተዳደር፥ በየትዕይንቱም ምን እንደሚደርስበት ይወሰናል፤ የሚናገረው ቃል ግን አይጻፍም። ተዋናዩ ቃሉን ካሜራው ፊት ቆሞ ከራሱ ያፈልቃል። ብዙ አሥር ሰዓት ይቀረጽና ተቈርጦ ተቈርጦ አንድ ሰዓት ተኩል ያህል ይቀራል። ሲታይም እውነተኛ ነገር የሚተርክ ዘጋቢ ፊልም ይመስላል።

የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የቀመሰ ሰው ይህን ሲሰማ አይደነግጥም። ባለ ቅኔው ጉባኤ ቃናውን በሁለት ቤት፥ ሥላሴውን በስድስት ቤት ሊዘርፍ ሲቆም ልኩ አስቀድሞ ተወስኖለታል፤ ቃሉ ግን አዲስ መሆን አለበት፤ ትናንት የተቀኘውን ዛሬ ቢደግም ያፍራል። ስለዚህ የባሮን ጌስትን ተዋንያን «እንዳፈተታቸው ይቀባጥራሉ» የሚል ሰው ቢኖር፥ ልኩን አላየም እንለዋለን።

የዚህ ዐይነቱ ቀልድ ስም የወጣው በ1984 ዓመት በታየው «ዚስ ኢዝ ስፓይናል ታፕ» በሚባለው ሲኒማ ነው። አዘጋጁ ሮብ ራይነር ነበሩ፤ ባሮን ጌስትም ከደራሲዎቹና ከተዋንያኑ አንዱ ነበሩ። በውስጡ ያለው የሙዚቃ ጓድ ከነጭራሹ የሌለ ሲሆን፥ በእውነት ያለ የመሰላቸው ተመልካቾች ነበሩ።

እኛ በፍርድ ቤት የሰው ቃል ስንጽፍ የኖርን በመሆናችን ደግሞ ሌላ ነገር አየንባቸው። ምስክር ሲጠየቅ ተጠንቅቆ ይመልሳል። ጸሐፊው ዝም ብሎ ብዕሩን ይዞ ሲጠብቀው ግን ዝምታው ይከብደውና ያልተጠየቀውን ይጨምራል፤ ከዚያ ወዲያ የሚመሰክረው ስለ ነገሩ ሳይሆን ስለ ራሱ ነው። በእኒህ ሲኒማዎች ውስጥ ካሜራው እንደዚያ ያለ ጸሐፊ ነው። በ2000 ዓመት በወጣውና የውሾችን ውድድር በሚያሳየው «ቤስት ኢን ሾው» አንድ ባልና ሚስት የተዋወቁበትን ቡና ቤት በኩራት ይናገራሉ። ነገሩ ሲጣራ በአንድ ቡና ቤት አልነበሩም፤ እርሱ በአንዱ፥ እርስዋ ከመንገዱ ማዶ ባለው በዚያው ኩባንያ ሁለተኛ ቤት ተቀምጠው ነበር። ማንም አላፋጠጣቸውም፤ ራሳቸው ተናገሩት።

ከሁሉ የምንወደው ግን በ1996 ዓመት የተሠራውን «ዌይቲንግ ፎር ገፍማን»ን ነው። ብሌን የምትባል የፈጠራ ከተማ 150ኛ ዓመትዋን ለማክበር ቴአትር ታዘጋጃለች። ተዋንያኑ የጥርስ ሐኪሙ፥ የጉዞ ወኪሎች ሆነው ሳሉ ከከተማይቱ ወጥተው የማያውቁ ያህል የሆኑ ባልና ሚስት፥ ሌሎችም የሰፈር ሰዎች ናቸው። አዘጋጁን ኮርኪን ራሳቸው ባሮን ጌስት ይጫወቱታል። ኮርኪ ከከተማው ሸንጎ 100,000 ዶላር ይጠይቃል፤ የከተማው የዓመት በጀት በጠቅላላው 15,000 ነው! ገፍማን የሚባል ትልቅ ሰው ከኒው ዮርክ መጥቶ ያየናል ተብሎ ወንበር ይጠበቅለታል፤ እርሱ ግን አይመጣም።

ይህን ያየ የመስቃን ሰው በብሌን እየሣቀ ቡታጅራን ማሰቡ አይቀርም። መስቀል ሲቀርብ ቤቱ ይለሰናል፥ ቅቤው ይነጠራል፥ የክትፎው በሬ በማኅበር ይገዛል፤ ከአዲስ አበባ የሚመጣው ልጅም ይጠበቃል። አባት «ዘንድሮ በገዛ መኪናው ነው የሚመጣው» ብሎ ለጎረቤት አስቀድሞ ተናግሯል እንበል። ልጁ በአውቶቡስ መጣ፤ ወይም ጭራሽ ቀረ። በዚህ አባት የሚሣቅ ሣቅ ሁለት ዐይነት ነው። አንዱ «ደግ አደረገው» የሚል ነው፤ ሽማግሌውን ከጎረቤት ዐይን ያወጣዋል። ሁለተኛው አባትየው ራሱ ቆይቶ የሚሣቀው፥ ልጆቹም አብረውት የሚሣቁት ነው። ባሮን ጌስት በብሌን ሰዎች ላይ የሚሥቁት ይህን ሁለተኛውን ነው። ቴአትሩ በእኛ ዐይን አስቂኝ ቢሆንም፥ በአዳራሹ የተሰበሰበው የከተማው ሕዝብ ከልቡ ደስ ይለዋል፤ ካሜራውም ያንን ደስታ አይሰርቅበትም። ባለ ማዕርግ ሰው ይህን ማወቁ አስደነቀን፤ ከላይ ወደ ታች መሣቅ ይቀናው ነበርና።

ሁሉም ሥራቸው እኩል ነው አንልም። በ2006 ዓመት የወጣው «ፎር ዩር ኮንሲደሬሽን» የዘጋቢ ፊልሙን መልክ ትቶ በሲኒማ ሰዎች ላይ መራራ ሆነብን፤ የ2016ቱም «ማስኮትስ» የቀደመውን የደገመ መሰለን።

በቤት ውስጥ ለማየት የሚያስቡ አንባብያን «ስፓይናል ታፕ»ንና «ገፍማን»ን ለብቻቸው ይዩአቸው፤ ለልጅ ዦሮ የማይሆን ቃል አለባቸው። ካደጉ ልጆች ጋራ ለማየት በ2003 ዓመት የወጣው «ኤ ማይቲ ዊንድ» ይሻላል፤ በርሱም ቢሆን አንዳንድ ቀልድ አባትን ጉሮሮውን ያስጠርገዋል። በዚያ ውስጥ ዱሮ ተዋደው የተለያዩ ወንድና ሴት ዘፋኞች ከብዙ ዘመን በኋላ አብረው ይቆማሉ። በዘፈናቸው መካከል ቀድሞ ይሳሳሙበት የነበረ ቦታ አለ። ዘፈኑ ወደዚያ ሲቃረብ፥ ከመድረኩ ኋላ ያሉት ሌሎቹ ዘፋኞች ጨዋታቸውን ትተው ለማየት ይጠጋሉ።