የአጫጭር የኢንተርኔት ስሞች ዋጋ በምን ይገመታል?



በዘመናችን በአያሌ ቤት አዲስ ዓይነት ጥሪት ገብቶአል። ይኸውም በሣጥን የማይቈለፍ፣ በገመድም የማይለካ፣ ነገር ግን እንደ ማናቸውም ዕቃ ተገዝቶ የሚሸጥ የኢንተርኔት ስም ነው፤ በባዕድ ቋንቋ ዶሜይን ይሉታል። ልጅ አባቱን «ይህን ባለ አራት ፊደል ስም በሁለት ሺህ ዶላር እንግዛው፤ ነገ በሃያ ሺህ ይሸጣል» ብሎ ቢለምነው፣ ወይም ወራሾች የሟቹን ንብረት ሲቈጥሩ እንዲህ ያለ ስም ቢያገኙ፣ የቤቱ ጌታና እመቤቲቱ ዋጋውን በምን ሚዛን ይመዝኑታል? የዛሬው ነገራችን ስለዚሁ ነው። የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።

አስቀድሞ የሚሸጠው ምን እንደ ሆነ ማወቅ ይገባል። ስሙ ርስት አይደለም፤ ግብሩ እስከ ተከፈለ ድረስ ብቻ የሚጸና ይዞታ ነው። ዶት ኮም በሚባለው መዝገብ አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ከ10 ዓመት የሚበልጥ ሊከፍል አይችልም፤ ጊዜው ሲፈጸም ያድሳል። ሳያድስ የቀረ እንደ ሆነ መዝጋቢው ጥቂት ቀን ይታገሠው ይሆናል፤ ከተሰረዘም በኋላ በመቀጫ የሚዋጅበት 30 ቀን አለ፤ ያም ካለፈ 5 ቀን ቈይቶ ስሙ ይለቀቅና ለቀደመ ሰው ይሆናል። ስለዚህ ባለቤቱ በሞተ ጊዜ ወራሾቹ ስለ ድርሻ ከመነጋገራቸው በፊት የዕድሳቱን ቀንና የመዝገቡን መክፈቻ ቃል ማግኘት አለባቸው። በክፍያ ቀን ማለፍ የጠፋ ስም ዳኛ ፊት ቀርበው ቢጮኹለት የሚመለስ አይመስለኝም።

የአጭር ስም ክብር የመጣው ከቍጥሩ ማነስ ነው። የላቲን ፊደል 26 ስለ ሆነ ባለ ሁለት ፊደል ስም 676 ብቻ ነው፤ ባለ ሦስት ፊደል 17,576፤ ባለ አራት ፊደል 456,976 ይሆናል። በዶት ኮም ሥር ባለ ሁለትና ባለ ሦስት ፊደሎቹ ሁሉ ባለቤት ካገኙ ብዙ ጊዜ ሆኖአል። ነጠላ ፊደልማ አስቀድመው ከተያዙት ከኪው፣ ከኤክስና ከዜድ በቀር በ1993 ለማንም እንዳይሰጥ ተከልክሎአል። የመጀመሪያው የዶት ኮም ስም በመጋቢት ወር 1985 ሲመዘገብ ክፍያ አልነበረውም፤ በ1995 በዓመት 50 ዶላር መክፈል ተጀመረ። ያን ጊዜ ሦስት ፊደል በነጻ የወሰደ ሰው ምን እንደ ወሰደ አላወቀም ይሆናል።

ነገር ግን ማነስ ብቻውን ዋጋ አይሆንም፤ ፈላጊ ያስፈልጋል። ፌስቡክ በ2010 ኤፍ ቢ ዶት ኮምን ከአሜሪካ የገበሬዎች ማኅበር በ8.5 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። የጃፓኑ ጂ ኤም ኦ ኩባንያ በ2014 ዜድ ዶት ኮምን ከኒሳን በ6.8 ሚሊዮን ዶላር ገዛ። ይህን የሰማ ባለ ሁለት ፊደል ሁሉ የእርሱንም ስም በስምንት ሚሊዮን መገመት ይጀምራል፤ ስሕተቱም ከዚህ ይወለዳል። ፌስቡክ የከፈለው ለሁለት ፊደል ሳይሆን ለራሱ ስም ምሕጻር ነው፤ ሌላ ሁለት ፊደል ቢያቀርቡለት ከልመና ያለፈ መልስ አያገኙም ነበር። ስለዚህ ለአንድ ስም ሁለት ዋጋ አለው፦ ነጋዴ ዛሬውኑ በጥሬ ገንዘብ የሚከፍለው ዝቅተኛው ዋጋና አንድ ቀን የሚመጣው ተጠቃሚ የሚከፍለው ከፍተኛው ዋጋ። የውርስ ግምት በመጀመሪያው ይደረግ ዘንድ ይገባል፤ በሁለተኛው ከተደረገ ስሙ የደረሰው ወራሽ ጥላ ተቀብሎ ወንድሞቹ ላምና ቤት ይወስዳሉ።

ፍቺ ያለው ቃል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከአጭሩ ይበልጣል። ቮይስ ዶት ኮም ባለ አምስት ፊደል ሲሆን በ2019 በ30 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ፤ ቻት ዶት ኮም በ2023 በ15.5 ሚሊዮን ተገዛ። ድምፅና ጨዋታ ማንም የሚያውቃቸው ቃላት ናቸውና። ፍቺ የሌለው የፊደል ድርድር ግን በጊዜው ስሜት ይወጣል ይወርዳል። በ2015 የቻይና ገዥዎች አናባቢ ፊደሎችና ቪ የሌሉባቸውን ባለ አራት ፊደል ስሞች በብዛት ገዙ፤ ቋንቋቸው በላቲን ሲጻፍ ቪን አያውቅም፤ የቃል መጀመሪያ የሚሆኑትም ይልቁን ተነባቢዎቹ ናቸው። ዋጋው በጥቂት ወራት እጥፍ ድርብ ሆነ፤ በ2016 ግን ወረደ፤ በጫፉ ላይ የገዙትም ስሙን ታቅፈው ቀሩ። በቍጥር በተሠሩ ስሞች ዘንድ 8 ይወደዳል፤ 4 ግን በቻይና ቋንቋ አጠራሩ ከሞት ጋር ስለሚመሳሰል ይሸሻል።

በአፍ ሲነገር ሰሚው ሳይጠይቅ ሊጽፈው የሚችል መሆኑም ይመረመራል። በዚህ ረገድ የእኛ ቃላት ይቸገራሉ። ጤፍን በላቲን አንዱ በአንድ ኤፍ፣ ሌላው በሁለት ይጽፈዋል፤ ፀሐይንማ ለመጻፍ የሚስማማ ሁለት ሰው ማግኘት ጭንቅ ነው። አንዱን አጻጻፍ የገዛ ሰው የቃሉን ገበያ በሙሉ አልገዛም፤ ይህንንም ከዋጋው መቀነስ አለበት።

የስሙ ጅራትም ይታያል። በዶት ኮም ውድ የሆነ ስም በሌላ ጅራት ርካሽ ሊሆን ይችላል። አንጉዪላ የምትባል ትንሽ ደሴት ኤ አይ የሚለው ጅራት ስለ ደረሳት፣ ሰው ሠራሽ አእምሮ በገነነ ጊዜ በ2023 ከመንግሥቷ ገቢ አንድ አምስተኛ የሚያህለውን ከዚሁ አገኘች። ነገር ግን ከአዳዲሶቹ ጅራቶች አንዳንዶቹ ምርጥ ለሚሉት ስም በየዓመቱ ከፍ ያለ የማደሻ ክፍያ ያስከፍላሉ፤ ገዥ ይህን ሳይጠይቅ ቢገዛ ላሙ ከምትታለበው ይልቅ የምትበላው ይበዛል።

የሌላ ሰው የንግድ ምልክት የሆነ ስም ግን ቢያጥርም ዋጋ የለውም። በ1999 በወጣው ደንብ መሠረት፣ ስሙ ከምልክቱ ጋር የሚመሳሰል፣ ያዡ መብት የሌለው፣ በክፉ ሐሳብም ያስመዘገበውና የሠራበት መሆኑ ከተረጋገጠ ስሙ ያለ ካሳ ይወሰዳል። እውነተኛ መብት ያለውም ቢሆን ከሙግት አይድንም። ኡዚ ኒሳን የተባለ ሰው በ1994 በቤተ ሰቡ ስም ኒሳን ዶት ኮምን አስመዘገበ፤ የመኪናው ኩባንያ በ1999 ከሰሰው። ስሙ እስከ ሞተበት እስከ 2020 ድረስ በእጁ ቀረለት፤ ለጠበቃ ግን ብዙ ገንዘብ አወጣ።

እንግዲህ ልጁ ሲለምን አባት እንዲህ ብሎ ይጠይቀው፦ «እንደዚህ ያለ ስም፣ በዚሁ ጅራት፣ ባለፈው ዓመት በስንት ተሸጠ? የተጠየቀውን ሳይሆን የተከፈለውን ንገረኝ። በእነዚህ ፊደሎች የሚጠሩ ገንዘብ ያላቸው ኩባንያዎችስ እነማን ናቸው?» ግምት በነጻ የሚሰጡ መኪናዎች አሉ፤ ቃላቸው ግን እንደ ምስክር ቃል አይቈጠርም፤ ገዥን አያመጡምና። በዚህ ንግድ የቈዩ ሰዎች ከመቶ ስም በዓመት አንድ ወይም ሁለት ቢሸጥ መልካም ነው ይላሉ። ስለዚህ አንድ ስም ብቻ የገዛ ሰው አሥርም ሃያም ዓመት ሊጠብቅ ይችላል፤ የማደሻውን ክፍያና ሁለቱ ሺህ ዶላር በሌላ ሥራ ላይ ቢውል ያመጣ የነበረውን ትርፍ ጨምሮ ያስላ።

ሽያጭ ሲደርስ ገንዘቡ በሦስተኛ ሰው፣ ማለት በታወቀ ባለ አደራ በኩል ይለፍ። ባለ አደራው ገንዘቡን መቀበሉን ገዥ ከላከው ደብዳቤ ሳይሆን ራሱ ሻጩ ከባለ አደራው መዝገብ ያረጋግጥ፤ እስከዚያው የመዛወሪያው ምስጢር ቃል ከሻጩ እጅ አይውጣ።