የአፋር ተግባረ እድ በአገሩ ማደሪያ ይኑረው

ከአዋሽ ሰባት ኪሎ ተነሥቶ በገዋኔና በሚሌ በኩል ወደ ሰመራ የሚወርድ መንገደኛ፣ ከአውራ ጎዳናው ግራና ቀኝ የሚያያቸው ክብ ጣራ ያላቸው የሰሌን ቤቶች፣ አፋሮች ዳቦይታ የሚሏቸው፣ የአንዲት እናት የጥበብ ሥራ መሆናቸውን ሳያስተውል ያልፋል። ቤቱን የምታቆመው እርሷ ናት፤ የምታፈርሰውም፣ በግመል ጭና ወደ አዲሱ ግጦሽ የምታደርሰውም እርሷ ናት፤ ግድግዳውና ጣራው የሆነውንም ሰሌን ገና ከቅጠልነቱ ጀምራ በገዛ እጇ የሠራችው እርሷው ናት።

ሥራው ትዕግሥትን ይጠይቃል። የዘንባባው ቅጠል ተቆርጦ በፀሐይ ከደረቀ በኋላ በቀጭን በቀጭኑ ይሰነጠቃል፣ በውኃ ተነክሮ ይለሰልሳል፣ ከፊሉም ቀለም ይገባል፤ ከዚያ ወዲያ ረጅም ጉንጉን ሆኖ ይታታል፣ ጉንጉኑም ጎን ለጎን እየተሰፋ ሰሌን ይሆናል። በዚሁ እጅ የሚሰፋው የወተት ዕቃ ደግሞ ስፌቱ ከመጥበቁ የተነሣ ጠብታ አያሳልፍም፤ በጢስ ታጥኖ ወተቱን ከመበላሸት ይጠብቃል፣ መዓዛም ይሰጠዋል። ወንዶቹ በወገባቸው የሚታጠቁት ጊሌ፣ ስለቱ በሁለት ወገን የሆነው ቆልማማ ጩቤ፣ ከነቆዳ አፎቱ የአንጥረኛውንና የቆዳ ሠሪውን ብልሃት ባንድነት ያሳያል። እኔ እንደማምነው እነዚህ ሁሉ፣ በሸራ ላይ ከተሳለ ሥዕልና ከድንጋይ ከተቀረጸ ምስል በማይተናነስ ማዕረግ፣ ኪነ ጥበብ ናቸው።

ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በዚሁ በአዋሽ ሸለቆ በሐዳር የተገኘችው ድንቅነሽ (ሉሲ) በአዲስ አበባ ብሔራዊ ሙዚየም በታላቅ ጥንቃቄ ትጠበቃለች፤ ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን ከሦስት ሚሊዮን ዓመት በላይ በአፈር ውስጥ የቆየውን አጥንት እንዲህ ያከበርን ሰዎች፣ በዚያው አፈር ላይ ዛሬ በሕይወት ያለች እናት የምትሠራውን ለማክበር ምን ያግደናል? የአፋር ልጅ የእናቱን ጥበብ በክብር ተቀምጦ፣ የሠሪዋ ስም ተጽፎበት ለማየት ከሸለቆው ወጥቶ ወደ ሩቅ ከተማ መጓዝ ሊኖርበት አይገባም።

ለዚህ የሚሆን አርኣያ ሩቅ አይደለም፤ በሐረር አለ። አቶ አብዱላሂ ሸሪፍ የከተማቸው ቅርስ ሲበተን አይተው ዝም ለማለት ስላልቻሉ፣ የጥንቱን ዜማ በቴፕ፣ የብራና መጻሕፍቱን፣ ጌጡን፣ ሳንቲሙንና ጨርቁን ከየቤቱ እየለመኑና እየገዙ በገዛ መኖሪያቸው ሰበሰቡ፤ እዚያውም ለሕዝብ ክፍት የሆነ ሙዚየም አቋቋሙ። ከዓመታት በኋላ፣ በ2000 ዓ.ም. ገደማ፣ መንግሥት የራስ ተፈሪ ቤት እየተባለ የሚጠራውን ታሪካዊ ሕንፃ ለስብስባቸው ፈቀደላቸው። ልብ በሉ፤ ሕንፃው የመጣው ኋላ ነው፤ አስቀድሞ የነበረው የአንድ ሰው ፍቅርና አንድ የመኖሪያ ቤት ነበር። በአዲስ አበባም በ1955 ዓ.ም. በተመሠረተው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ውስጥ ያለው ቤተ መዘክር ዕቃዎቹን እንዲገዛ የረዱት የወዳጆቹ ማኅበር አባላት ናቸው።

ጊዜው ግን አይጠብቀንም። በሰሌኑ ፋንታ የፕላስቲክ ሸራ፣ በወተት ዕቃው ፋንታ ጀሪካን ገብቷል። የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን በ1954 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ የወንዙ ዳርቻ በሰፋፊ እርሻዎች ተይዟል፤ ፕሮሶፒስ የሚባለውም እሾኻም ዛፍ የግጦሹን መሬት ወርሮታል። በ2017 ዓ.ም. የምድር መናወጥ በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ብዙ ሺህ ሕዝብ ከቀዬው ባስነሣ ጊዜ፣ ነፍሱን ለማዳን የሚቸኩል ቤተ ሰብ የአያቱን የእጅ ሥራ ሁሉ ተሸክሞ ሊወጣ አይችልም ነበር። ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስበኝ ግን ዕቃው አይደለም፤ የጥለቱን ስም፣ የቀለሙን አሠራር፣ የስፌቱን ምሥጢር የሚያውቁት አሮጊቶች እያለፉ መሆናቸው ነው።

ስለዚህ በአዋሽና በሰመራ የምትኖሩ፣ እንዲሁም ከሸለቆው ወጥታችሁ በሌላ ከተማ ያላችሁ ወገኖች ሆይ፣ የምለምናችሁ ይህን ነው። የአዋሽ ከተማ አስተዳደርና የባቡር ድርጅቱ፣ ባቡሩ በሌሊት በማይጓዝበት በጥንቱ ዘመን መንገደኛ ሁሉ ያድርበት በነበረው በዚያ ስፍራ፣ ከአሮጌው ጣቢያ አንድ ክፍል ለአፋርና ለጎረቤቶቹ ለከረዩና ለአርጎባ ተግባረ እድ ማሳያ እንዲሰጡ በፊርማችሁ ጠይቁ። በሰመራም ከ2000 ዓ.ም. ጀምሮ የቆመው ዩኒቨርሲቲና የክልሉ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ በመጪው የትምህርት ዓመት አንድ አዳራሽ ለይተው፣ ዋጋው ለሠሪዋ የሚደርስ ሽያጭ ጭምር የሚካሄድበት ጋለሪ እንዲከፍቱ አመልክቱ። ባለሆቴሎች ከውጭ የመጣውን የግድግዳ ጌጥ አውርዳችሁ ሰሌኑን ስቀሉ፤ ስትገዙም እናቲቱ የጠራችውን ዋጋ ክፈሉ። መምህራን ተማሪዎቻችሁን ወደ አያቶቻቸው ላኩ፤ ጠይቀው ይጻፉ፣ በስልካቸውም ድምፅና ምስል ይቅረጹ። የአገር ሽማግሌዎችም ይህንን ቃል በዳጉ፣ በአፋሮች የቃል ወሬ መለዋወጫ ልማድ፣ ከመንደር ወደ መንደር አስተላልፉ፤ ጋዜጣ በማይደርስበት ሁሉ ዳጉ ይደርሳልና።

በቤታችሁ አሮጌ ሰሌን፣ የወተት ዕቃ ወይም ጊሌ ያላችሁ፣ ለአላፊ ነጋዴ ከመስጠታችሁ በፊት በአንድ ወረቀት ላይ ማን እንደ ሠራው ከነአባት ስም፣ በየት መንደርና በስንት ዓመተ ምሕረት ገደማ፣ ከምን እንደ ተሠራ፣ ጥለቱም በአፋርኛ ምን እንደሚባል ጻፉ፤ ወረቀቱን በሁለት ቅጂ አድርጋችሁ አንዱን ከዕቃው ጋር እሰሩት፣ ሁለተኛውን በወረዳችሁ ላለው የባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት አስረክባችሁ የተረከበውን ሰው አስፈርሙ።