ሰርቨር ከመገዛቱ በፊት

የበዓል ሰሞን በመጣ ቁጥር የአውቶቡስ ትኬት የሚሸጥበት ገጽ ይቆማል። መስኮት ላይ ያለችው ሠራተኛ «ሲስተም የለም» ትላለች፣ ሰልፈኛው ሻንጣውን ይዞ ይቆማል፣ ኃላፊዎቹ ደግሞ ተሰብስበው ትልቅ ሰርቨር ይገዛ ብለው ይወስናሉ። ኑሮዬ በዚህ ሙያ ነውና በግልጽ ልናገር፦ ለጥገና ተጠርቼ ባየኋቸው ቦታዎች አብዛኛውን ጊዜ የሰርቨሩ ጉልበት ተርፎ ነበር። ያለቀው ኮኔክሽን ነው። የኢንተርኔቱን ማለቴ አይደለም፤ ድረ ገጹ ከዳታቤዙ ጋር የሚነጋገርበትን መስመር ነው።

ይህ መስመር ቁጥሩ የተወሰነ ነው። ፖስትግሬስ የሚባለው ዳታቤዝ ማንም ካልነካካው 100 ይፈቅዳል፤ ከዚያም ላይ 3ቱን ለአስተዳዳሪው ያስቀራል። ማይኤስኪውኤል 151 ይፈቅዳል። ከሞላ በኋላ የመጣ ጥያቄ ሳይስተናገድ ይመለሳል። ገደቡም ምክንያት አለው፤ ፖስትግሬስ ለእያንዳንዱ ኮኔክሽን ራሱን የቻለ ፕሮሰስ ስለሚያስነሳ ቁጥሩ በጨመረ መጠን ሜሞሪውም ፕሮሰሰሩም ይሻማል።

አንድ የትራንስፖርት ድርጅት በእንቁጣጣሽ ሰሞን ሲጠራኝ ባለሙያዎቹ ገደቡን ከ100 ወደ 500 ከፍ አድርገውት ነበር። ገጹ ግን ያው እንደቆመ ነው። ዳታቤዙን ራሱን ማን ምን እየሠራ እንደሆነ ጠየቅነው፤ ዝርዝሩ ስክሪኑ ላይ ወረደ። ከላይ እስከ ታች ከሞላ ጎደል ሁሉም መስመር ሥራ ጀምሮ ያልዘጋ፣ አሁን ግን ምንም የማይሠራ ነበር። ኮዱን ስናነበው ምክንያቱ ወጣ። ፕሮግራሙ ወንበሩን ለደንበኛው ይይዛል፤ ከዚያ የያዘውን ሳይዘጋ ወደ ክፍያ አገልግሎቱ ይሄዳል፤ ደንበኛው ስልኩ ላይ የሚስጥር ቁጥሩን እስኪያስገባ ይጠብቃል። ባንክ መስኮት ላይ ደርሶ ገንዘቡን ሳይቀበል ስልክ እንደሚያወራ ሰው ማለት ነው። ይባስ ብሎ ያንኑ ወንበር የፈለገ ሌላ ተሳፋሪም የራሱን ኮኔክሽን ይዞ ከኋላው ይጠብቃል።

ሂሳቡን ልብ ብላችሁ እዩልኝ። ወንበሩን መመዝገብ ብቻውን 20 ሚሊሰከንድ ይፈጃል እንበል። አንድ ኮኔክሽን በሰከንድ 50 ሰው ያስተናግዳል። ክፍያው እስኪያልቅ 10 ሰከንድ ከተያዘ ግን በሰከንድ ያንኑ 50 ሰው ለማስተናገድ 500 ኮኔክሽን ያስፈልጋል። አሜሪካዊው ጆን ሊትል እ.ኤ.አ. በ1961 ያረጋገጠው የወረፋ ሕግ የሚለው ይህንኑ ነው፤ በአንድ ጊዜ የሚያዘው ቦታ በሰከንድ የሚመጣው ሰው እያንዳንዱ በሚቆይበት ጊዜ ሲባዛ የሚገኘው ነው። የሚመጣውን ሰው መቀነስ አንችልም፣ አንፈልግምም። የሚቆይበት ጊዜ ግን በእጃችን ነው።

መፍትሔው ርካሽ ነበር። ወንበሩ ለጥቂት ደቂቃ «ተይዟል» ተብሎ ይመዘገባል፣ ኮኔክሽኑ ወዲያው ይመለሳል፣ ክፍያው ሲረጋገጥ ሌላ አጭር ኮኔክሽን ተከፍቶ ሽያጩ ይጸናል። ከዚያ ገደቡን መልሰን ዝቅ አደረግነው። ይህን ስናገር ብዙ ሰው አያምነኝም፤ ነገር ግን ሂካሪሲፒ የተባለው የታወቀ የኮኔክሽን ማጋሪያ ካልተቀየረ በቀር የሚይዘው 10 ብቻ ነው፤ የሚመክረው መነሻ ስሌትም የፕሮሰሰሩን ኮር በ2 አባዝቶ ዲስኩን መደመር ነው። 4 ኮርና 1 ዲስክ ላለው ሰርቨር 9 ማለት ነው። ፖስትግሬስ ለሚጠቀሙ ደግሞ በስካይፕ ቤት የተወለደው ፒጂባውንሰር አለ፤ ከፊት ቆሞ ብዙ ደንበኛን በጥቂት ኮኔክሽን ያስተናግዳል፣ በነጻም ይገኛል። ሥራ ፈትቶ የተያዘን መስመር በራሱ የሚቆርጥ ሰዓት ከስሪት 9.6 ጀምሮ በፖስትግሬስ ውስጥ አለ፤ ማንም ካላበራው ግን አይሠራም።

ጭራሽ ዳታቤዝ የማያስፈልግበት ጊዜም አለ። በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ላይ ከ800 ሺህ በላይ ተማሪ ተቀምጧል። የእንዲህ ያለ ፈተና ውጤት ከተለቀቀ በኋላ ብዙም አይለወጥም፤ የእያንዳንዱ ተማሪ ገጽ አስቀድሞ ተዘጋጅቶ ቢቀመጥ ሁሉም በአንዴ ቢያንኳኳ እንኳ ዳታቤዙ አይጠየቅም።

የሚያናድደኝ፣ ሰርቨሩ የሚገዛው እንደ ልብ በማይገኝ የውጭ ምንዛሪ መሆኑ ነው፤ ሕመሙ ደግሞ ኮዱ ውስጥ ስላለ አዲሱም ማሽን በቀጣዩ በዓል ይቆማል። የማያቸው የጨረታ ሰነዶች የሜሞሪውንና የዲስኩን መጠን ዘርዝረው ይጽፋሉ። እዚያው ላይ ሁለት ጥያቄ ይጨመርልኝ፦ የአንድ ደንበኛ ጥያቄ ዳታቤዙን ለስንት ሚሊሰከንድ ይይዛል? ሲስተሙ በበዓል ዋዜማው ሰው ብዛት ልክስ ተሞክሯል? መልሱን በቁጥር ያላቀረበ ድርጅት የመጨረሻው ክፍያ አይለቀቅለት፤ ሙከራውም ትኬት ሽያጭ ከመከፈቱ በፊት የመሥሪያ ቤቱ የራሱ ባለሙያ ባለበት ይደረግ።