ታዘበው እና ማሩ

መስቀልን እንደ ሁልጊዜው ሐይቅ፣ እናቴ ቤት ውዬ መጣሁ። ደመራው ተለኩሶ፣ ለመስከረም 21 ወደ ግሸን ማርያም የሚሄደው ተሳላሚ ከተማውን ሞልቶት ሳለ አንድ የልጅነት ጓደኛዬ በአንዲት ንግግር በዓሌን አበላሸብኝ። ከእህቴ ልጆች ጋር ውሻቸውን ይዘን ወደ ሐይቁ ስንወርድ መንገድ ላይ አገኘንና ውሻውን ከራሱ እስከ ጭራው አየው። «ውሻ በበላበት ይጮሃል ነበር የሚባለው። ይሄ በልቶም አይጮህ። ምን ሊሠራላችሁ ነው?» አለ።

ከዚህ ተረት ጋር ያለኝን ጠብ የዚህ ዓምድ ደንበኞች ታውቃላችሁ። አንዱን «አፉን ያከራየ» ለማለት ሲፈለግ ውሻ ይጠራል። ለሆዱ ያደረ ሁሉ ውሻ ነው። እኔ ደግሞ ውሻ በዚህ ነገር ያለጥፋቱ ተሰድቧል ባይ ነኝ፤ ዛሬ ምስክሬን አቀርባለሁ። መጀመሪያ ግን ስለ እንግዳው ላውራ።

ዘሩ ኮከር ስፓኒኤል ይባላል። የእህቴ ባል አዲስ አበባ በሾፌርነት ያገለገላቸው ፈረንጆች ወደ አገራቸው ሲመለሱ ለእሱ ትተውለት ሄዱ፤ እሱም ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ጭኖ ሐይቅ አመጣው። ልጆቹ ቀለሙን አይተው «ማሩ» አሉት። የአምባሰል ማር በሚወራበት አገር ሌላ ስም አይገኝለትም። ከመሬት እስከ ትከሻው 40 ሴንቲ ሜትር ቢሆን ነው፤ ብታነሡት ጠቦት ያህል ይከብዳል። ጆሮዎቹ ከጉንጩ በታች ይወርዳሉ፤ ውኃ ሲጠጣ ቀድመውት የሚገቡት እነሱ ናቸው።

ስፓኒኤል የሚለው ስም ከስፔን የመጣ ነው ይባላል። ኮከርን ግን እንግሊዞች ናቸው ለወፍ አደን ያራቡት። ቁጥቋጦ ውስጥ የተሸሸገችውን ወፍ አሽትቶ ያስነሣል፣ አዳኙ ይተኩሳል፣ ውሻው የወደቀችውን ሳያደቃት በአፉ ይዞ ይመጣል። ኮከር የተባለውም ዉድኮክ በምትባል ወፍ ምክንያት ነው። እስከ 19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ድረስ በአንድ ሆድ የተወለዱ ቡችሎች እየተመዘኑ ትንሹ ኮከር፣ ትልቁ ስፕሪንገር ይባል ነበር። እንግዲህ የማሩ ቅድመ አያቶች ሥራ ማሽተት እንጂ በር መጠበቅ አልነበረም።

ይህን አንብቤው ነበር፤ ያየሁት ግን ሐይቁ ዳር ነው። ማሩ ደንገሉ ጋ ስንደርስ ሌላ ውሻ ሆነ። አፍንጫውን መሬት ላይ ተክሎ፣ ጭራው እየተርገበገበ ገባ። ትንሽ ቆይቶ ዳክዬዎች ግር ብለው ከደንገሉ ተነሡ። እሱ አልተከተላቸውም። ዞሮ የልጆቹን ፊት አየ፣ የቀረውን እናንተ ጨርሱት የሚል ይመስል ነበር። ታንኳ ላይ የነበሩ አሣ አጥማጆች ቀዘፋቸውን አቁመው አዩት። እኔ ሐይቅ ተወልጄ አድጌ ውሻ እንዲህ ደስ ብሎት ሲሠራ አይቼ አላውቅም።

እናቴ መጀመሪያ ቤት አታስገቡት ብላ ነበር። ሥዕለ አድኅኖ ካለበት ክፍል ውሻ አይገባም አለች። እኔም መጽሐፈ ጦቢትን አስታወስኳት፤ ጦብያ ከቅዱስ ሩፋኤል ጋር ሲሄድ ውሻውም አብሮ እንደሄደ። ጳጉሜን 3ን ታጉድላ አታውቅምና ዝም አለች። በማግስቱ ማሩን ምድጃው አጠገብ ተኝቶ አገኘሁት።

እኔን ይበልጥ ያሳሰቡኝ ጎረቤታችን ሼህ ነበሩ። የውሻ ምራቅ ነጃሳ ነውና ልጆቹ ማሩን ይዘው እሳቸው ደጅ ሲደርሱ ሊቆጡ ነው ብዬ ጠበቅሁ። «አብሽሩ ልጆቼ» አሉ። «መስገጃዬ ላይ ብቻ እንዳይወጣ። ዕቃ ከላሰ ደግሞ ሰባት ጊዜ ይታጠባል፤ አንዱ በአፈር ነው።» ከዚያ አስቀመጧቸውና ዋሻ ውስጥ ለብዙ ዓመታት ስለተኙት ወጣቶች፣ እግሮቹን ዘርግቶ ደጃፉ ላይ ስለተኛው ውሻቸው አጫወቷቸው። ሱረቱል ከህፍ ውስጥ ያለ ታሪክ ነው። ልጆቹ እያንዳንዷን ነገር ይዘው መጥተው ለእናቴ ነገሯት፤ እሷም «እንዲህ ነው እንዴ?» ብላ ሁለት ጊዜ አስደገመቻቸው።

ስፓኒኤልን ልላመድ ያለ ሰው ከጆሮው ይጀምር። ረጅምና ፀጉራም ጆሮ አየር አያስገባም፤ ከረጠበ ውስጡ ይቆስላል፣ ይሸታል። ስለዚህ ከሐይቁ በተመለሱ ቁጥር ትልቋ ልጅ በደረቅ ጨርቅ ትጠርግለታለች። የመስከረም ሜዳ ደግሞ ጭጎጎት ነው። አንድ ማታ ልጆቹና እኔ ተቀምጠን ከጆሮውና ከእግሩ ጭጎጎት ስንለቅም አመሸን፤ እሱም እግሩን በየተራ ይሰጠን ነበር። ምግቡም ለቤቱ አዲስ ትምህርት ነው። ሽንኩርት ለውሻ መርዝ ነው፤ ጥሬም ሆነ የበሰለ ደሙን ይጎዳዋል። ያለ ሽንኩርት ወጥ በማይሠራበት ቤት እናቴ ለእሱ ለብቻው መቀቀል ጀምራለች። ብቻውን መሆን አይችልም፤ ሰው ሲወጣበት በሩ ሥር ያለቅሳል። ጅብ ስላለም ውጭ አያድርም።

ነገሩን ያዞረችው ትንሿ ልጅ ናት። ጭጎጎቱን ለቅመን ስንጨርስ «የታዘበውንስ ጆሮ ማነው የሚያየው?» አለች።

ታዘበው ያገራችን ውሻ ነው። ስሙን ያወጡለት አባቴ ናቸው፤ በድንበር የተጣሉት ሰው እንዲሰማ። በውሻ ስም ለባላጋራ መልእክት መላክ የዱሮ ሰው ልማድ ነበር። ጠቡ ካለቀ ቆይቷል፣ ስሙ ግን ቀረ። ታዘበው ቀን በሰንሰለት ይታሰራል፣ ሌሊት ይፈታል። እኛ ቤት በኖረበት ዘመን ሁሉ «ዝም በል» እና «ሂድ ከዚህ» ካልሆነ ሌላ ነገር ስንለው አላስታውስም።

ምስክሬ እሱ ነው። በ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጨረሻ ላይ ጦርነቱ ወደ ሐይቅ ሲቃረብ ቤተሰቦቼ በእግር ሸሹ። አባቴ ሰንሰለቱን ፈቱለትና «ሂድ፣ እንግዲህ የራስህን ዕድል ፈልግ» አሉት። ከወር በላይ ቆይተው ታኅሣሥ ላይ ሲመለሱ በሩ ተገንጥሏል፣ ቤቱ ባዶ ነው። ታዘበው በሩ የነበረበት ቦታ ላይ ተኝቶ ነበር። የጎኑ አጥንት ይቆጠራል። መሸሽ ያልቻሉ አንዲት አሮጊት ጎረቤት ካለቻቸው ላይ ቁራሽ ይጥሉለት እንደነበር ነገሩን። እሳቸው ደጅ ይመጣና ይበላል፣ ወዲያው ተመልሶ የእኛ ደጅ ይተኛል። ሌሊቱን ሙሉ የሚጮኸው ከዚያ ነው አሉ፤ አንዲት ዕቃ ያልቀረችበትን ቤት እየጠበቀ። የበላው ማዶ ነው፣ የጮኸው እኛ በር ላይ ነው። ተረቱን ያወራልኝ ጓደኛዬ ይህን አያጣውም። የእኚያ አሮጊት የልጅ ልጅ ነው።

የትንሿን ልጅ ጥያቄ ሰምተን ፋኖስ ይዘን ወጣን። እጄን ወደ ጆሮው ስዘረጋ ታዘበው ዓይኑን ጨፈነ። ዱላ የለመደ ውሻ እንዲያ ነው የሚጨፍነው። ያ ነገር እስካሁን ከዓይኔ አልጠፋም። ከጆሮው ሥር መዥገር ተደርድሮ ነበር፤ አንድ በአንድ ነቀልንለት። ከማሩ ጋር አራት ቀን የተማርነውን ሁሉ ለእሱ ከዓመታት በፊት ልናደርግለት ይገባ ነበር።

ሰው በተቸገረበት አገር ስለ ውሻ ጆሮ ይጻፋል ወይ የሚል እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ይጻፋል። መዥገር መንቀል ከማንም ጉሮሮ ላይ እንጀራ አይነጥቅም።

ከመዥገሩ የሚበልጥ ነገርም አለ። የመስቀል ማግስት፣ መስከረም 18፣ ሉዊ ፓስተር የሞተበት ቀን ስለሆነ ዓለም የእብድ ውሻ በሽታን የሚያስብበት ቀን ነው። ፓስተር የመጀመሪያውን ልጅ በክትባት ያዳነው በፈረንጆች 1885 ነበር። እኛ ዘንድ ግን ዛሬም የተነከሰ ልጅ ሐኪም ቤት የሚደርሰው ሌላው ሁሉ ከተሞከረ በኋላ ነው። ጠበሉ አይቅር፤ ግን ቁስሉ ወዲያው በሳሙናና በውኃ ለ15 ደቂቃ ይታጠብ፣ በዚያው ቀንም ልጁ ወደ ጤና ተቋም ይወሰድ። ምልክቱ ከታየ በኋላ የሚተርፍ የለም ማለት ይቻላል። ከውሾቹ 70 በመቶው ቢከተቡ በሽታው መተላለፉን ያቆማል። ሥጋ መርዞ በየመንገዱ መጣል ይህን አላደረገም፣ አያደርግምም። ያልተከተበ ውሻ ጣጣው ለሰው ብቻም አይደለም፤ በደላንታና በቦረና ሳይንት ደጋ ላይ የቀሩትን ቀይ ቀበሮዎች ከሚያሰጓቸው ነገሮች አንዱ ከእኛ ውሾች የሚሻገረው ይኸው በሽታ ነው። በመላው ኢትዮጵያ የቀሩት ጥቂት መቶዎች ናቸው።

ከሐይቅ በወጣሁበት ጠዋት ልጆቹ ሁለቱንም ይዘው የእንስሳት ክሊኒክ ሄዱ። ማሩ ያገኘውን ሰው ሁሉ ሰላም እያለ፣ ታዘበው ከሰንሰለት ወደ ገመድ ተዛውሮ በትንሿ ልጅ እጅ እየተመራ። ሁለቱም ተከትበዋል። እናንተም ይህን አንብባችሁ ስትጨርሱ ወደ ደጅ ውጡና የውሻችሁን ጆሮ እዩለት።