ቅልቅሉ ቅልቅል ተብሎ ይሸጥ

ጤፍ በተወደደ ቁጥር የአዲስ አበባ እመቤት መጀመሪያ የምትሰናበተው ማኛን ነው። ቀጥሎ ሰርገኛ ትገዛለች፤ እሱም ሲከብዳት ማሽላ ወይም ሩዝ ቀላቅላ ታስፈጫለች። ብልሃት ነው፣ አያሳፍርም። ነጭ ማሽላ በወጉ ከቦካ ደህና እንጀራ ይወጣዋል። ሩዝ ግን እንጀራውን ቢያነጣውም ቶሎ ያደርቀዋል። ከውጭ የሚገባው ደግሞ የዶላር ዕቃ ነው፤ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ምንዛሪው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ በሩዝ ቆጥባለሁ ያለ ቤት ሳያስበው እንጀራውን ከባንክ ሰሌዳ ጋር አስሯል።

የሚያስከፋው ሌላው ቅልቅል ነው። እቤት የተቀላቀለውን እመቤቲቱ ታውቀዋለች፤ ሱቅ ውስጥ የተቀላቀለው ግን “ንጹህ ጤፍ” ተብሎ በንጹህ ጤፍ ዋጋ የሚሸጥበት ጊዜ አለ። (የጀሶውና የሰጋቱራው ነገር የፖሊስ ጉዳይ ነው።) ኩንታል መግዣ ያላት እህል በረንዳ ወርዳ፣ ዘግና አይታ ትመርጣለች። በኪሎ የምትገዛዋ የተፈጨውን አምና ትወስዳለች፤ ጉዳቱም የሚያርፈው በእሷ ላይ ነው። ነጋዴው “ግማሽ ጤፍ፣ ግማሽ ማሽላ” ብሎ ከረጢቱ ላይ ቢጽፍና ዋጋውን በዚያው ልክ ቢቀንስ ገዢ አያጣም። ገዢዋ ዛሬም ማሽላዋን ለብቻ፣ ጤፏን ለብቻ ቋጥራ ወፍጮ ቤት ደጃፍ ወረፋ እየጠበቀች ነው።